ሁለት ሚሊ ስብ ለሸጋ

በዚያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የነበርነውን አንድ በአንድ ልቁጠር። እናቴ ነበረች፤ ደጃፋችን ላይ በአጭሯ በርጩማ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል ነበር። የግቢው ባለቤት አዴ ፋጤ ነበሩ፤ ከአርሲ የሚመጣላቸውን ቅቤ በገበያ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴትዮ። ጎረቤታችን ጋሽ ዳንኤል ነበሩ፤ የሒሳብ አስተማሪው፣ ጠመኔው ከእጅጌያቸው ሳይራገፍ። እኔ ነበርኩ፤ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። በመካከላችን፣ ካርቶን ውስጥ፣ በአሮጌ ሹራብ ላይ፣ ሸጋ የሚባል ነብርማ ድመት ተኝቷል። ሐያት አልነበረችም። ግን አራታችንም እዚያ የተሰበሰብነው በእሷ ምክንያት ስለሆነ ከቆጠራው ላወጣት አልቻልኩም።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ባቱ ላይ ያየሁት ነገር ነው። ላንጋኖ ዳር ያሉ ሆቴሎችን ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ፤ ወደ አዳማ ስመለስ ባቱ ላይ ወርጄ ዓሣ ሳልበላ አላልፍም። የምትጠብሰው ሴት አንዱን አምባዛ ገለበጠችና ሆዱ ላይ ያለውን ቢጫ ስብ በቢላዋ ጫፍ ላጥ አድርጋ በትንሽ ሳህን ለብቻ አስቀመጠችው።

«እሱ ለማን ነው?» አልኳት።

በአገጯ ጠረጴዛው ሥር አመለከተችኝ። ጥቁር ድመት ቁጭ ብላለች፤ ጸጉሯ ውሃ የነካው ይመስል ያበራል።

«ስንት ትሰጫታለሽ?»

«ስንት?» ብላ ሳቀች። «እስክትጠግብ ነዋ!»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን ዓሣው አልወርድልህ አለኝ። ሒሳቤን ከፍዬ መንገድ ዳር ቆምኩ። ሰማዩ የሚያዝያ ሰማይ ነበር፤ አቧራው ከመኪናዎቹ በፊት ይመጣል፣ ከመኪናዎቹ በኋላም ይቆያል። ልክ እንደዚያ ዓመት።

ያኔ የምንኖረው አዳማ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንድ ኒም ዛፍና አራት በሮች ባሉት ግቢ ነበር። አንዱ በር የኛ፣ አንዱ የአዴ ፋጤ፣ አንዱ ሚስታቸው የሞቱባቸው የጋሽ ዳንኤል፣ አራተኛው የሐያት። ሐያት ከኮምቦልቻ መጥታ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ቀኝ እጅጌ ብቻ ነው የምትሰፋው። «ግራውን የምትሰፋዋን ልጅ እስከ ዛሬ አላውቃትም» ትል ነበር። ማታ ስትመለስ እግሯን በሳፋ ውሃ ነክራ ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ከኒሙ ሥር የሰው ማቀዝቀዣ ፈትቼ፣ ብሎኖቹን በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሬ እቀመጣለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከአሮጌ መጻሕፍትና ከስልክ ቪዲዮ ነው የለቀምኩት፤ ስለዚህ አንድ ብሎን እንዳይጠፋብኝ በጣም እጠነቀቅ ነበር። ብዙ የምናወራ ሰዎች አልነበርንም። ሸጋ ከእሷ እግር ተነስቶ ብሎኖቼን አንድ በአንድ እያሸተተ ይመጣል፣ ተመልሶ ይሄዳል። እሱ ነበር የሚያመላልሰው።

ድመቱን ያገኘችው የሠራተኛ አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። ስሙን ስታወጣለት አዴ ፋጤ፣ «ሸጋ ማለት ምንድነው?» ብለው ጠየቋት። «በኛ አገር ቆንጆ ማለት ነው፣ አዴ» አለች። አዴ ፋጤ ያን አጥንትና ጆሮ ብቻ የሆነ ግልገል ትንሽ አዩትና፣ «አላህ ይጨምርለት» አሉ።

ሁዳዴ በገባበት ሰኞ ሐያት ሻንጣዋን አውጥታ ኒሙ ሥር አቆመች። እናቷ ታማለች።

«ሁለት ወር ቢሆን ነው» አለች። «ሸጋን ለማን ልተወው?»

«ለኔ!» አሉ አዴ ፋጤ። ጋሽ ዳንኤልም እጃቸውን እንደ ተማሪ አወጡ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች። ሐያት ድመቱን አንስታ እኔ ክንድ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ አትረሳም» አለችኝ።

ሁለት ቃል ናት። ለወራት ስገላብጣት ኖርኩ። ሁለት ወር ቆጠርኩ፤ ፋሲካ አካባቢ ደረሰ። በዚያ ዕድሜዬ የነበረኝ ሐሳብ እንዲህ የሚል ነበር፤ ሸጋ ግቢው ውስጥ ደህና ሆኖ እስካለ ድረስ ሐያት መመለሷ አይቀርም። ዘመድ የላትም፣ ዕቃዋም እንዲህ የሚባል አይደለም። አዳማ ላይ የሚያስራት አንድ ክር ብቻ ነው፣ ክሩም እኔ እጅ ላይ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በወረቀት «ከእኔ በቀር ማንም ሸጋን እንዳያበላ» ብዬ ጽፌ ኒሙ ላይ ለጠፍኩ። ጋሽ ዳንኤል መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ናቲ፣ ይሄ ምንድነው? የፈተና መመሪያ ነው?»

«ጋሼ፣ ሁሉም ካበላው ምን እንደበላ አይታወቅም» አልኳቸው።

«ልክ ነህ። ተለዋዋጩ ከበዛ እኩልታው አይፈታም» ብለው ገቡ።

ቤታችን የሚጾም ቤት ነው። በሁዳዴ እናቴ ቅቤ የነካውን ማሰሮ እንኳ አጥባ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች። ስለዚህ ለሸጋ የሚደርሰው ምስር፣ ሽሮና በዘይት የራሰ እንጀራ ነበር። ዘይት እስካለው ድረስ ይበቃዋል ብዬ አሰብኩ። በስድስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ፎቶውን በቴሌግራም ላክሁላት።

«ጸጉሩ ምን ሆነ? አመድ መስሏል እኮ» ብላ ጻፈችልኝ።

ወጥቼ አየሁት። እውነቷን ነው። በየቀኑ የሚያዩት ነገር መክሳቱ አይታይም። ጀርባው ላይ ያሉት መስመሮች ደብዝዘዋል፣ ስዳስሰው ጸጉሩ እንደ ደረቅ ሣር ይንኮሻኮሻል። ያን ቀን መናኸሪያው አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጋ ሰው ዘንድ ስለ እንስሳት አመጋገብ የሚያወራ፣ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አገኘሁ። ስለ ድመት ያለው አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው። ድመት የሚያስፈልጋትን ስብ ሁሉ ከእህልና ከዕፅዋት ዘይት ልታገኝ አትችልም፣ ከሥጋ ወይም ከዓሣ መሆን አለበት ይላል። ቀጥሎ ያለው መስመር ደግሞ፣ ሲበዛ ሆዷን ያበላሻል ይላል። ሁለቱንም አሰመርኩባቸው።

ስብ ፍለጋ ወጣሁ። ከባቱ ዓሣ የሚያመጣ አንድ ሰው የአምባዛ ጭንቅላትና የሆድ ዕቃ ሰጠኝ። እናቴ አምባዛን እንኳን በጾም በፍስክም ቤቷ አታስገባም፤ ቅርፊት የለውም። ስለዚህ ከግቢው ጀርባ፣ በከሰል ምድጃ፣ በቲማቲም ጣሳ ቀቀልኩት። ሽታው አጥሩን አልፎ በመንገዱ የሚያልፉትን የጋሪ ፈረሶች ያስነጥስ ነበር። ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ቢጫ ስብ ረጋ። ያን ገፍፌ በንጹሕ ጠርሙስ አደረግሁት። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየለካሁ፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ከማገኘው ሳንባ ጋር ፈጭቼ፣ በቀን ሁለት ሚሊ እሰጠው ጀመር። ደብተር አዘጋጀሁ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ ጸጉር፣ ሆድ። ጋሽ ዳንኤል ባለፉ ቁጥር ወደ ጣሳው እያዩ፣ «በሁዳዴ አምባዛ! ድመቱን ጴንጤ አደረግኸው፣ ሃሌ ሉያ» ይላሉ። እናቴ ከውስጥ፣ «እርስዎ ደግሞ፣ ለድመት እንኳ አይመለሱም» ትላቸዋለች።

በዘጠነኛው ቀን ሸጋ ማብራት ጀመረ። ደብተሬ አሁንም አለ፤ «ወዝ አወጣ» ብዬ ሁለት ጊዜ አሰምሬበታለሁ። ሥሩ ደግሞ «ስዳስሰው ወዙ እጄ ላይ ይቀራል» ይላል። ከውስጥ የመጣ ወዝ እጅ ላይ እንደማይቀር ማሰብ ነበረብኝ። ግን ያን ቀን የማስበው ሌላ ነበር። ፎቶ ላክሁላት። «ማሻአላህ! ሸጋዬ! ምን አድርገህለት ነው?» አለችኝ። መልስ ስጽፍ ስሰርዝ ቆየሁና «ሁለት ሚሊ የዓሣ ስብ፣ በቀን አንዴ» ብዬ ላክሁ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ በገበያው ውስጥ እንዲሁ ዞርኩ። ቲማቲም ተራው፣ ሽንኩርት ተራው፣ በአቧራው ውስጥ የሚጮኹት ባጃጆች ሁሉ የኔ ይመስሉኝ ነበር።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ በሕማማቱ ረቡዕ፣ ሸጋ አስመለሰው። ማታውን ሆዱ ሄደ። ሐሙስ ጠዋት ሳንባውን አሸተተና ፊቱን አዞረ። ውሃም አልነካም። ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሐያት ነበረች። «ቅዳሜ እመጣለሁ! ሸጋን እቀፍልኝ» ትላለች፤ ከጀርባዋ የእናቷ ሳል ይሰማል። «እሺ» አልኩ። ካርቶኑ አጠገብ ተንበርክኬ ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ መረመርኩ። ሁለት ሚሊ። ሁለት ሚሊ። ሁለት ሚሊ። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ቅዳሜ ስትመጣ ምን እላታለሁ? ደብተሩን ላሳያት ነው?

ያኔ ነው አጎንብሼ ጸጉሩን ያሸተትኩት። የአምባዛ ሽታ አልነበረም። ቅቤ ነበር።

«ማነው ለሸጋ ቅቤ የሰጠው?» ብዬ ጮህኩ። በዚያ ግቢ ጮኼ አላውቅም ነበር፤ ሦስቱም ወጡ። እናቴ የሐሙስ ጉልባኗን በጭልፋ እያማሰለች ነበር፤ ጭልፋውን እንደያዘች መጥታ ተቀመጠች።

አዴ ፋጤ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። «እኔ አላበላሁትም! ወላሂ! ቀባሁት እንጂ።»

«ቀቡት?»

«ጀርባውን። ጸጉሩ ደርቆ ነበራ! የሴት ልጅ ጸጉር ሲደርቅ ምን ይደረጋል፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ? ለጋ ቅቤ ነው የሚቀባው። አንተ ሥራ ስትሄድ ጠዋት ጠዋት፣ ከራሱ እስከ ጅራቱ። ወረቀትህ አታብሉ ነው የሚለው፣ አትቀቡ አላለም።»

ጋሽ ዳንኤል ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አዴ! ድመት እኮ ሻሽ አያስርም! የቀቡትን ሁሉ ይልሰዋል!»

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? የሳርዲን ቆርቆሮ ከአንተ ደጃፍ አይደለም እንዴ የማየው?»

ሳቃቸው ቆመ። ጠመኔውን ከእጅጌያቸው አራገፉ። «እ… ዘይቱን ብቻ ነው» አሉ። «ሳርዲኑን እኔ እበላለሁ። ዘይቱ ይደፋል? ኃጢአት ነው። ከሥጋም ትንሽ ጮማ። ቅዳሜ ቅዳሜ። አንዳንዴ… ረቡዕም።»

«ጋሼ! ተለዋዋጩ ከበዛ እኩልታው አይፈታም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«አልኩ። ግን በመስኮቴ ገብቶ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ምን ላድርግ? ጌታ ይቅር ይበለኝ።»

ሁሉም የተገለጠ መሰለኝ። ግን አፍንጫዬ አላረፈም። እንደገና አጎነበስኩ። ሸጋ ያስመለሰበትን ጨርቅ አነሳሁ።

«ይሄ ኮሰረት ነው» አልኩ።

«የኔ ቅቤ ለጋ ነው፤ ኮሰረት አያውቅም» አሉ አዴ ፋጤ ወዲያው።

«እኔ ቤት ቅቤ ራሱ የለም» አሉ ጋሽ ዳንኤል።

በግቢው ውስጥ በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ፊቴን ወደ እናቴ አዞርኩ። የነጠላዋን ጫፍ መጠቅለሏን ቀጠለች። ከዚያ ተነስታ ገባች፤ ስትወጣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ የነበረችውን ትንሽ ማሰሮ ይዛለች። ሁዳዴ ሳይገባ ለፋሲካው ዶሮ ያነጠረችው ቅቤ ነው። እናቴ ያን ማሰሮ በላስቲክ ሸፍና፣ በነጭ ክር ሦስት ጊዜ አዙራ አስራ ነው የምታስቀምጠው፤ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ማንም አይፈታውም። አሁን ክሩ አንድ ዙር ብቻ ነበር። ቅቤው እስከ ግማሽ ወርዷል።

«እማዬ» አልኩ። «ጾም አይደለም እንዴ?»

«እኔ ቀመስኩ?» አለች። «ድመት አይጾምም።»

አዴ ፋጤ የወረደውን ቅቤ አጎንብሰው አዩ።

«ልጅቷ መጥታ ከስቶ እንዳታገኘው ብዬ ነው» አለች እናቴ፣ ማሰሮዋን በጉልበቷ ላይ አድርጋ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ሁለታችሁም ከስታችሁ ነበር።»

ሐያት ሙስሊም ናት። እናቴ ስለ ሐያት በዚያ ግቢ ውስጥ አንድም ቀን ክፉም በጎም ቃል ተናግራ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ መልሱን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። የምትለውን ሁሉ በዚያ በተፈታ ክር ተናግራ ኖሯል። ለጉልባኑ ስትል ተነስታ ገባች፤ ጭልፋዋን መሬት ላይ ረስታው ነበር።

ሸጋን በባጃጅ የጋሪ ፈረሶች ወደሚያክም የእንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰ፣ ጸጉሩን አሸተተ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ። ታሪኩን ነገርኩት።

«አራት እናት ያለው ድመት ነው» አለ። «ስብ የሚባል ነገር ሁሉ አቁሙ። የቅቤውንም፣ የዘይቱንም፣ ያንተንም። ውሃ ስጡት፤ ነገ ደግሞ ስብ የሌለበት የዶሮ ሥጋ፣ በትንሽ በትንሹ። ከተነሳ ተነሳ።»

ዓርብ ስቅለት ነው። እናቴ ለስግደት ወጣች። አዴ ፋጤ የዶሮ ደረት ቀቅለው፣ ላዩ ላይ የተንሳፈፈችውን የመጨረሻ ጠብታ ስብ ሳይቀር በማንኪያ እየገፈፉ አወጡ። «እይ፣ እይ፣ የለም» እያሉ ያሳዩኛል። ጋሽ ዳንኤል መስኮታቸውን ዘግተው ከውስጥ፣ «በላ?» ይላሉ። «ገና ነው።» ቆይተው፣ «በላ?» ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሸጋ አንድ ቁራሽ አሸተተ፣ ላሰ፣ ዋጠ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናቴ ከስግደት ተመለሰች። ሳትቀመጥ፣ ውሃ ሳትጠይቅ፣ መጀመሪያ ያለችው «በላ?» ነው።

ቅዳሜ ሐያት መጣች። ሸጋ ከካርቶኑ ወጥቶ እየተንገዳገደ ሄደ፤ አቀፈችው፤ አንገቱ ውስጥ አፍንጫዋን አስገብታ ሳቀች። «ምንድነው ቅቤ ቅቤ የሚሸተው? ሙሽራ አደረጋችሁት?» አለች። እኛ ተያየን። ሁሉንም ነገርናት፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየቀማ። ስትስቅ እንባዋ ወረደ። ከዚያ እንባው ሳቁ ካለቀ በኋላም አልቆም አለ።

«እናቴ ብቻዋን መሆን አትችልም» አለች። «እዚያው ኮምቦልቻ ሥራ አግኝቻለሁ። ዕቃዬንና እሱን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ፋሲካን ከኛ ጋር ዋለች፤ እናቴ ከድፎ ዳቦው መካከለኛውን ቆርሳ ሰጠቻት። የዚያ ዓመት ዶሮ ወጥ ቅቤው ያነሰ ነበር፤ አንድም ሰው አላነሳውም።

ሰኞ ጠዋት ሸጋን አየር በሚያስገባ ቅርጫት አድርጌ እስከ ግቢው በር ወሰድኩላት። ባጃጁ ይጠብቃል። ሲሪንጁን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት። ለሁለት ሳምንት ምንም ስብ እንዳትሰጪው፣ ከዚያ በአንድ ሚሊ ጀምሪ፣ ከሁለት እንዳታሳልፊ አልኳት። ሁሉንም በጥሞና ሰማችኝ።

«ሌላስ?» አለች።

ቆመች። ባጃጁ ጡሩንባ ነፋ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም።

«ብቻውን አትስጪው» አልኩ። «ከሥጋ ጋር ቀላቅይው።»

«እሺ» አለች። «እቀላቅለዋለሁ።»

ለአንድ ዓመት ያህል ፎቶ ትልክልኝ ነበር። ሸጋ በመስኮት፣ ሸጋ በእናቷ አልጋ ላይ፤ ጸጉሩ ያበራል። ከዚያ ቁጥሩ መሥራት አቆመ። ግቢው ለመንገድ ፈርሷል፤ ኒሙ የነበረበት ቦታ አሁን አስፋልት ነው፣ በባጃጅ ሳልፍበት ሦስት ሰከንድ አይሞላም። አዴ ፋጤ ወደ ኢተያ፣ ወደ ልጃቸው ቤት ገቡ። ጋሽ ዳንኤል ጡረታ ወጥተው ቢሾፍቱ ናቸው አሉ። እናቴ ከኔ ጋር ናት፤ አሁንም ለፋሲካ ቅቤ አንጥራ በነጭ ክር ሦስት ዙር ታስራለች። ከባቱ የተመለስኩ ዕለት፣ «እማዬ፣ ያኔ ለሸጋ ስንት ማንኪያ ሰጠሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። «እኔ እንዳንተ አልቆጥርም» አለችና ክሩን አጠበቀች።

ያኔ በደብተሬ ያልመዘገብኩት ብዙ ነው፤ የነበራችሁ ሰዎች ሙሉልኝ። አዴ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ መቀባት የጀመሩት በስንተኛው ቀን ነው? የኔ ሁለት ሚሊ ከርስዎ በፊት አንድ ቀን እንኳ ሠርታ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ጋሽ ዳንኤል፣ ዓርብ ዕለት መስኮቱን ዘግተው ሲጸልዩ ሰምቻለሁ፤ ለድመቱ ነበር ወይስ ለኔ?

ሐያት፣ አንቺም ከቆጠራው ውስጥ ነሽ። በሩ ላይ «ሌላስ?» ብለሽ ስንት ደቂቃ ቆምሽ? እኔ አልለካሁትም። ደብተሬ ላይ የዚያ ሰኞ መስመር ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ነው።